ልትቀልጥ የደረሰችው የጨረቃ ሜዳሊያ

ዛሬ ደብረ ታቦር ገበያ፣ ለዓመታት ስፈልጋት የኖርኋት የብር ሜዳሊያ ልትቀልጥ ስትል ደረስሁ።

ሰዎች ጨረቃ ላይ የወጡበት ጉዞ መታሰቢያ ናት፤ የጫማ ዱካ ተቀርጾባታል።

የዚያን ጉዞ መታሰቢያዎች እሰበስባለሁ፤ እስካሁን ያለኝ ግን ቴምብር ብቻ ነው። ሚስቴ "የሰማይ ቁራሌው" ትለኛለች።

ሜዳሊያዋን ለብር ሠሪው ያመጧት አንዲት አሮጊት ናቸው።

"እማማ፣ በሌላ ብር ልለውጥዎ" አልኋቸው።

"ለልጅ ልጄ የክርስትና መስቀል ላሠራባት ነው። አባቴ የተዉልኝ እሷን ነው።"

"ሌላውም ብር እኮ መስቀል ይወጣዋል።"

"ይወጣዋል። አባቴን ግን ከየት ያመጣቸዋል?"

ለአፍታ ብቻ ልያዛት ብዬ ለመንኋቸው። የብር ሠሪው ከሰል እስኪግም እንድይዛት ፈቀዱልኝ። ስመልሳት እጄ ውስጥ ሞቃ ነበር።

እናንተስ፣ አንድ ጊዜ ይዛችሁ የመለሳችሁት ነገር ምን ነበር?