ጎተራው እና የሦስት ቀኑ ዝርዝር

በሆስፒታሉ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍል ሰዎች ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ «ጎተራው» ነው። ስሙ የወጣለት ምንም ነገር መጣል ስለማይሆንለት ነው። መጀመሪያ ከኋላው ሲጠሩት ሰማ፤ ኋላ ራሱም ለመደውና አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ «ጎተራው እባላለሁ፤ የጠፋብህ ነገር ካለ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ» ማለት ጀመረ።

ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። ሥራው የሆስፒታሉን ሰርቨሮች መጠበቅ ነው። የቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል በሩ አንዴ ከተከፈተ በትከሻ ተገፍቶ ነው የሚዘጋው። ውስጡ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሦስት ራዲዮኖች፣ ከየት እንደተነቀሉ የተረሱ ገመዶች፣ ድሮ ተከራይተው ከለቀቋቸው ሁለት ቤቶች የቀሩ ቁልፎች አሉ። ሚስቱ «ቁልፉን ምን ልትሠራበት ነው? ሰው ቤት ልትገባ?» ስትለው «ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል» ይላታል። እስከዛሬ የፈለገው ሰው የለም።

ይኸው አመሉ ሥራ ቦታም ተከተለው። ሆስፒታሉ አንድ የመከታተያ ሶፍትዌር አለው። የካርድ ክፍሉ፣ የመድኃኒት ቤቱና የላቦራቶሪው ገጾች ለመከፈት ስንት ሰከንድ እንደፈጁ፣ ማን እንደከፈታቸውም ጭምር፣ በየደቂቃው ይመዘግባል። ሰርቨር ሲደክም ወይም ዲስክ ሊሞላ ሲል ደግሞ ያስጠነቅቃል። የተመዘገበው ዝርዝር ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ መወሰን ግን የባለሙያው ፋንታ ነው። ጎተራው ሶፍትዌሩን በጫነ ዕለት «የማቆያ ጊዜ» የሚል ጥያቄ ሲመጣለት ዓይኑን ሳያሽ «ገደብ የለውም» የሚለውን መረጠ። አራት ዓመት ሙሉ የእያንዳንዷ ደቂቃ ዝርዝር ተከመረ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሶፍትዌሩ ቀጥ አለ። የሌሎቹን ዲስክ መሙላት እንዲጠቁም የተቀመጠው እሱ፣ የራሱ ዲስክ ሞልቶ ኖሯል። ማስጠንቀቂያውን የሚጽፍባት ክፍት ቦታ እንኳ አልተረፈችውም።

የክፍሉ አለቃ ከጎተራው በአሥራ አምስት ዓመት የምታንስ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ስክሪኑን አየት አድርጋ ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ሐሙስ ከሰዓት የላቦራቶሪው ገጽ በስንት ሰከንድ እንደተከፈተ ማን መጥቶ ይጠይቀናል?»

«ምናልባት ድንገት ቢፈለግ…»

«ማንም አይጠይቀንም። እስከ ነገ ይስተካከል። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እርስዎ ይወስኑ። ግን ይወስኑ።»

«ግን ይወስኑ» ያለችው ነገር ቆጠቆጠው። ለካ ሰው ሁሉ መወሰን የማይችል አድርጎ ነው የሚያየው! ቆይ፣ አሳያታለሁ አለ በሆዱ። ሲያስቀምጥ ልክ የማያውቀው ሰውዬ፣ ሲጥልም ልክ አላወቀም። የደቂቃው ዝርዝር ሦስት ቀን ብቻ እንዲቆይ፣ ከዚያ ወደ ሰዓት አማካይ ተጠቅልሎ አንድ ወር እንዲቀመጥ፣ ከወር በኋላ ደግሞ የቀኑ አማካይ ብቻ እንዲቀር አዘዘ። ሶፍትዌሩ «እርግጠኛ ነዎት? የተሰረዘው አይመለስም» ብሎ ጠየቀው። እርግጠኛ ነበር። ሲያገባ እንኳ ያን ያህል እርግጠኛ አልነበረም። ተጫነው፤ ጢም ብሎ የነበረው ዲስክ ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀረው።

ከዚያማ ማን ይቻለው! በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነስቶ መጣልም ሙያ ነው እያለ ሃያ ደቂቃ አስተማረ። ቤቱ ገብቶም አላረፈም፤ ከዕቃ ክፍሉ ሁለት ጆንያ ሞልቶ አውጥቶ ገንዳው ውስጥ ጣለ። በአንደኛው ጆንያ ውስጥ የልጁ የትምህርት ማስረጃ ነበረበት። ሚስቱ ሮጣ ደርሳ ከገንዳው አወጣችና አቧራውን እያራገፈች አፈጠጠችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሁሉን ትከምራለህ፣ ወይ ሁሉን ትጥላለህ፤ መሃሉን ማን ከለከለህ?»



ወር እንኳ አልሞላም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የካርድ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉ። በዚያ መስኮት ሠላሳ ዓመት የተቀመጡ፣ ትልቅ ትንሹ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ናቸው።

«ሲስተማችሁ ደግሞ ተኛብን» አሉት።

ጎተራው የቀኑን አማካይ ተመለከተ። «እትዬ፣ እኔ ጋ ደህና ነው። አማካዩ አንድ ነጥብ ሁለት ሰከንድ ነው የሚለው።»

«ሰልፉ የውጭው በር ደርሷል። በል ናና አማካዩን ለበሽተኞቹ ንገራቸው!»

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ። ያን ሰዓት የደቂቃው ዝርዝር ገና አልተሰረዘም ነበር፤ አንዴ ገባ ብሎ ቢያይ ነገሩ እዚያው ባለቀ። አላየም። ለስብሰባ የሚያቀርበው ሪፖርት እስኪከፈትለት ሻዩን ፉት ይል ነበር። ዛሬም ይህን ታሪክ ሲያወራ ሻዩን አይዘላትም።

ቅዳሜ ጠዋት አለቃው ከካርድ ክፍል የተጻፈ የቅሬታ ደብዳቤ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ማክሰኞ ካርድ ክፍል ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ነበር ይላል። ዝርዝሩን ያሳዩኝ።»

ከፈተው። የነበረው የሰዓቱ አማካይ ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለቱ የመከራ ደቂቃዎች ከአርባ ስምንቱ የሰላም ደቂቃዎች ጋር ተቀላቅለው ትንሽ እብጠት ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

«ማን ምን እንደከፈተ አያሳይም?»

«ያሳይ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ትናንት» አለ ጎተራው።

አለቃዋ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ወጣች።

ሌላ መላ ሲያጣ ወደ ካርድ ክፍል ወረደ። እትዬ ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩትና መሳቢያቸውን ስበው ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። ደብተሩን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ በዚህ ዘመን ደግሞ ደብተር?» ብሎ ስቆበታል። አሁን በሁለት እጁ ተቀበላቸው። በእትዬ ድብልብል ጽሕፈት፣ መስመር በመስመር፣ «ማክሰኞ፣ 4፡10 ተኛ፣ 4፡22 ነቃ» እያለ ይወርዳል። አንዳንዱ መስመር አጠገብ ማስታወሻ አለው፤ «አንድ አባት ቆመው ደከማቸው፣ ወንበር ሰጠኋቸው» ይላል አንዱ። የሁለት ዓመት ነው። አንድም መስመር አልተሰረዘም፤ አማካይም አልወጣለትም።

ቀኖቹን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አመሳከረ። ሁሉም ማክሰኞ ናቸው፤ አንዱን ሳምንት እየዘለለ፣ ሁልጊዜ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ።

«እትዬ፣ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ማክሰኞ ተራው ነው። እዚሁ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ሌባውን እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ። ከተያዘ እኔም በጥፊ ድርሻዬን እሰጠዋለሁ።»

ያ ማክሰኞ ሲደርስ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከእትዬ ጎን ባለው ኮምፒውተር ተሰየመ። አራት ሰዓት ከአሥር ሆነ፤ ምንም የለም። ከሃያ ሆነ፤ ሰልፉ እንደ ውኃ ይፈሳል።

«አንተን ሲያይ ፈርቶ ነው» አሉ እትዬ።

አራት ተኩል ላይ የጎተራው ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ናት።

«ጋሼ፣ የት ሄዱ? ስብሰባው ሊጀመር ነው፤ የሲስተም ጤንነት ሪፖርቱ የታለ?»

ረስቶታል! ሲስተሙ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ በባለ ቀለም ግራፍ የሚያሳይ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ራሱ የሠራው፣ የሚኮራበት ሪፖርት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ፣ ከስብሰባው ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ይከፍተዋል።

«አሁን፣ አሁኑኑ እከፍትልሻለሁ» አለና እዚያው በፊቱ ባለው ኮምፒውተር ገብቶ ሪፖርቱን አዘዘ።

በመስኮቶቹ ሁሉ ጸጥታ ሆነ። አንዷ የካርድ ሠራተኛ «ተኛ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ሌላዋ «እኔም ጋ!» አለች። እትዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይተው፣ ተረጋግተው ደብተራቸውን ገልጠው «4፡31 ተኛ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጎተራው ስክሪን ዞሩ።

«ምንድን ነው እሱ የከፈትከው?»

ጎተራው ማውሱን እንደጨበጠ ቀረ። ሪፖርቱ ሲከፈት ሆስፒታሉ ከተመሠረተ ጀምሮ የወጣውን የበሽተኛ ካርድ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቆጠራው እስኪያልቅ ካርድ ክፍል እንደሚቆም ያኔ ሲሠራው አላሰበበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስረጃው ሁሉ፣ የራሱ የመግቢያ ስም እላዩ ተጽፎበት፣ በእጁ ነበር፤ አንድ ቀን ገልጦ አላየውም። ሊያየው በፈለገ ዕለት ደግሞ ቀድሞ በገዛ እጁ ጠርጎ ጥሎት ነበር። ዱካውን ያጠፋ ሌባ ነበር፤ ሌባ መሆኑን ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ሪፖርቱን ዘጋው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነቃ።

«እትዬ፣ ጥፊውን አሁን ይስጡኝ» አለ አንገቱን አስግጎ።

እትዬ ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ሰልፉ ላይ የነበሩትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ።

ስብሰባው ላይ ባዶ እጁን ገባና የሆነውን ሳይቀንስ ሳይጨምር ተናገረ፤ ሻዩንም ጨምሮ። አለቃዋ ጭንቅላቷን ይዛ ስታዳምጥ ቆየችና «ታዲያ ስንት ቀን ይቆይ?» አለችው።

በዚህ ጊዜ ብቻውን አልወሰነም። ክፍል ለክፍል ዞሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ አንድ ነገር ሲበላሽባችሁ ለእኛ የምትነግሩን ከስንት ቀን በኋላ ነው? መድኃኒት ቤቱ በማግስቱ እደውላለሁ አለ። ላቦራቶሪው ሳምንት ይቆያል። ካርድ ክፍል አንዳንዴ ወር አጠራቅሞ ነው የሚጽፈው። በጣም ከሚዘገየው ላይ ትንሽ ጨምሮ የደቂቃውን ዝርዝር አርባ አምስት ቀን አደረገው። የሰዓቱ አንድ ዓመት እንዲቆይ፣ ከአማካዩም ጎን የሰዓቱ ክፉ ደቂቃ ለብቻው እንዲጻፍ አዘዘ። ሶፍትዌሩ እንደ ልማዱ «እርግጠኛ ነዎት?» አለው። ጎተራው ከመጫኑ በፊት ተነስቶ አለቃውን ጠራና አብራው እንድታይ አደረገ። ዲስኩ ግማሽ ሳይሞላ ቀረ። ሪፖርቱም ከዋናው ሰርቨር ሳይሆን ከቅጂው እንዲያነብ ተደረገ፤ አሁን በአራት ሰከንድ ይከፈታል፤ ካርድ ክፍልም መከፈቱን አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ በሆስፒታሉ አንድ ልማድ ገብቷል። የትኛውም ክፍል ትንሽ ዘገም ያለበት እንደሆነ ለጎተራው ይደውልና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ጋሼ፣ ምን ከፍተው ነው?» ይለዋል። እሱም አይቆጣም፤ «ቆይ ልየው» ብሎ መጀመሪያ የራሱን ስም ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ እሱ አይደለም። ባለፈው ወር አንዴ ግን እሱ ነበር።