ቆዳ የተወጠረባቸው ኮርቾች

ሶዶ ከተማ ዳር ወዳለው የአባቴ ግቢ ስገባ የኮርች ዛፎቹን ቀይ አበባ ሸፍኗቸው አገኘኋቸው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ቆዳ ነጋዴ ነበር። ለቆዳ መወጠሪያ ችካል እያለ የዳሞታ ተራራን ጥድ ይቆርጥ ነበር። ወንድ አያቴ ይህን አይተው አይተው አንድ ቀን እርጥብ የኮርች እንጨት ተሸክመው መጡ።

"አባባ፣ ይሄ ለስላሳ ነው፤ ቆዳው ያጎብጠዋል" አለ አባቴ።

"ይጉበጥ። ቆዳው ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ እንጨቱ ግን እኛ ዘንድ ነው የሚቀረው።"

ከኮርቹ አራት ችካል ተክለው የበሬ ቆዳ ወጠሩበት። ጨው ጨው የሚሸተው ቆዳ ደርቆ በመኪና ሄደ። በበልጉ ዝናብ ችካሎቹ ቅጠል አወጡ። አባቴ ሊነቅላቸው ጎንበስ ብሎ ተዋቸው።

ዛሬም አራቱ ዛፎች ቆዳው እንደጎተታቸው ወደ መሃል ጎበጥ ብለው ቆመዋል። ቆዳው ተወጥሮ በነበረበት ቦታ፣ በጥላቸው ውስጥ ጥጃ ተኝቷል።