ጠመንጃ የተባለብኝ ውሃ ልክ

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን ሸዋ ሮቢትን በያዘበት ዘመን፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ሰዎች «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» ይሉኛል። እነሱ ምን አለባቸው!

አናጢ ነኝ። ያኔ ዘምዘም የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤት ነበረችን። ጣሊያኖች «ሽፍታ ታበያለሽ» ብለው ቤቷን አቃጠሉባት። እንጨቱ ሁሉ ነደደ፤ የተረፈው ቆርቆሮው ብቻ ነው። እሱን በመዶሻ አቃናነው። የሰፈሩ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በደቦ ወጥቶ ጭቃ አቦካላትና ግድግዳው ቆመ። የጣሪያው ሥራ የኔ ነበር። ሌላው አናጢ በሙሉ ለመንገድ ሥራ ተይዟል። ዝናቡ ሳይደርስ ቤቱ ካልተከደነ ግድግዳው እንደሚናድ፣ እሷም ከነልጆቿ ሜዳ ላይ እንደምትቀር ሁላችንም እናውቃለን።

ችግሩ ውሃ ልኬ አጭር ነው። አጭር ውሃ ልክ ለመስኮትና ለጠረጴዛ ይበቃል። ከግድግዳ ግድግዳ በሚሄድ ረጅም አግዳሚ ላይ ግን ያታልላል፤ እንጨቱ ወዲያ ማዶ ቢጎብጥም እሱ የተቀመጠባትን ቦታ ብቻ አይቶ ልክ ነው ይልሃል። ይህን ስነግራት ዘምዘም ከፍየሎቿ አንዷን ሸጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ብቻ ደህናውን ይምረጡልኝ፤ አላህ ይርዳዎ» ብላ ደብረ ሲና ላከችኝ።

እዚያ አንድ የአረብ ሱቅ ገብቼ ረጃጅሞቹን አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ አጋደምኩ። መጀመሪያ በመሐል ብርጭቆው ውስጥ ያለችው አረፋ የት እንደቆመች አያለሁ። ከዚያ ጫፍና ጫፉን አዙሬ እዚያው ቦታ እመልሰዋለሁ። ሲዞር አረፋዋ ቦታ ከቀየረች ያ ውሃ ልክ ውሸታም ነው። ነጋዴው «አንተ ሰውዬ፣ ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው?» እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ! በመጨረሻ ሲዞር አረፋዋ ንቅንቅ የማትልበት፣ ቁመቱ የሚያኮራ አንድ አገኘሁ።

ወደ ቆላ ስወርድ ፀሐዩ የውሃ ልኩን እንጨት እንዳያጣምምብኝ በነጠላዬ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አጋደምኩት። በእኛ አገር ሙቀት አናጢ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ጠመንጃ ይመስላል ብዬ ጨርሶ አላሰብኩም።

ሸዋ ሮቢት መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ባንዳ ከሩቅ አየኝና «ጠመንጃ! ጠመንጃ ይዟል!» ብሎ ጮኸ። ወታደሮቹ ተንጋግተው መጡ። በሰደፍ መትተው ጣሉኝ። ነጠላው ሲፈታ ግን ውሃ ልክ ሆኖ ተገኘ። ጣሊያኑ ሹም አይቶ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተለወጠና በአስተርጓሚው በኩል «ከመንገድ ሥራው ካምፕ የሰረቅኸው ነው» አለኝ።

«ገዝቼው ነው፤ አናጢ ነኝ። ደብረ ሲና ሰው ላኩና ነጋዴውን ጠይቁ» ብል ማን ሰምቶኝ!

የጮኸብኝን ባንዳ ፊት ልብ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የሰፈሬ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ ምንም አላጠፉም። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ የሚተኛበትን አልጋ የሠራሁለት እኔ ነኝ። እፎይ አልኩ።

«እሱ ያውቀኛል! እሱን ጠይቁት!» አልኩ።

አስተርጓሚው ዞር ብሎ «ይኼን ሰው ታውቀዋለህ?» አለው።

«አላውቀውም» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ለምን? እንጨት አይቶ ጦር አስነሣ እንዳይባል! ሹሙ ፊት እንዳያፍር! ለዚህች ብቻ!

ገረፉኝ። ውሃ ልኩን ወሰዱት፤ እኔንም ጣርማ በር ድንጋይ ፈለጣ ላኩኝ። እዚያ ሳለሁ ዝናቡ መጣ። እላዬ ላይ በዘነበ ቁጥር የማስበው ያን ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነበር። ስለቀቅ ብመጣ የዘምዘም ቤት የጭቃ ክምር ሆኗል። እሷም ልጆቿን ይዛ ወደ አጣዬ፣ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ጣሊያን ወጣ፤ ሰውዬው ግን አለ፤ አርጅቶ፣ ተከብሮ። ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ላይ አጠገብ ላጠገብ አስቀመጡን። ሞቅ ሲለው ታሪኩን ለሰዉ ያወራ ጀመር። በእሱ አወራር ጣሊያኖቹ ሊገድሉኝ ሲሉ «ተዉት፣ የሰፈሬ አናጢ ነው» ብሎ ያስጣለኝ እሱ ነው! ሰዉ አጨበጨበ። አንዱ ጎረምሳ «በሉ እንጂ ጋሼ፣ ያመስግኗቸው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ «ዘምዘምን ፈልገህ አምጣትና እሷ ታመስግንህ!» ብዬ ጮኽኩበት። ምግቡን እንዳለ ትቼ ወጣሁ።

አሁን ሽማግሌ ልከውብኛል፤ ሰርግ አበላሽተሃል፣ ሰውዬውንም አዋርደሃልና ይቅርታ ጠይቅ እየተባልኩ ነው። የሙሽሮቹን ወላጆች ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሱን ግን አልጠይቅም።