ፊርማ ላይ ያረፈ ማኅተም

ባለፈው ሳምንት የማስተምርበት ትምህርት ቤት የተማሪ ወረቀት ላይ የምመታው ማኅተም ገዛልኝ። ክዳኑን ስከፍተው የሐምራዊው ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝና በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ሊንደን ሰፈር ውስጥ፣ ሞሮኳዊው ጎረቤታችን በር ላይ መለሰኝ።

ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ። ጎረቤታችን በአገሩ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሥራው የሰው ወረቀት ላይ ማኅተም መምታት ነው። አንድ ቀን አለቃው የድሃ መሬት ለሌላ የሚያዞር ወረቀት አምጥቶ «ምታ» አለው። አልመታም። ሥራውን ለቀቀና ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድሮ ተመረጠ። ኋላ ኮሎምበስ መጥቶ መጋዘን ውስጥ ሲሠራም አንገቱን አልደፋም። «ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁ ልጆች በረዶ ይወርድባቸዋል፤ መጠለያ ይሠራ» እያለ ለሰፈሩ ምክር ቤት ሊወዳደር ተነሳ።

ለመመዝገብ የነዋሪ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። የሐበሾቹን ማሰባሰብ የእኔ ድርሻ ሆነ። አባቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ማኅተሙ የታለ? ማኅተም የሌለው ወረቀት ላይ አልፈርምም» አለ። ሌሎቹም እንደሱ። እኔ ብልጧ ክብ ማኅተም ገዛሁ። እንደ አገራችን ወግ ግማሹ ፊርማው ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ሁሉንም ጧ ጧ አደረግኩት።

የመዝገብ ቤቷ ሴት ወረቀቱን መለሰችው። ከቀለሙ ሥር ስሞቹ አይነበቡም። የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ደግሞ በማግስቱ ነበር።

አለቀስኩ። ጎረቤታችን ግን ሳቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስመታ አንድ ፊርማ አላበላሸሁም፤ አንቺ በአንድ ሳምንት ሰፈሩን አጠፋሽው!» ጃኬቱን አነሳ። «ተነሺ። አለቃዬ ያላስቆመኝን ቀለም አያስቆመኝም።»

በረዶ እየጣለብን እንደገና በር አንኳኳን። አባቴ አሁንም «ማኅተሙስ?» አለ።

«ጋሼ» አለው ጎረቤታችን፣ እኔ ባስተማርኩት ብቸኛ የአማርኛ ቃል። የቀረውን ተረጎምኩለት። «ማኅተሙ በእጄ ሳለ ሰው ሁሉ ይለምነኝ ነበር። ዛሬ የምለምነው እኔ ነኝ።»

አባቴ «እስክሪብቶ አምጪ» አለኝ።

ጎረቤታችን ተመዘገበ፤ ተሸነፈ። እንደገና ተወዳደረ፤ እንደገና ተሸነፈ። መጠለያው የተሠራው እሱ ካረፈ በኋላ ነው።

አዲሱን ማኅተም መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አለቃዬ «ታይም ሴቭ ያደርግልሻል» አለችኝ፤ ያደርግ ይሆናል። የተማሪዎቼን ወረቀት ግን ዛሬም በእጄ እፈርማለሁ፤ ስሜ እንዲነበብ አድርጌ።