ከነራሱ የበላሁት ሽሪምፕ

የበላችሁት ነገር ምን እንደሆነ ከማዕድ ከተነሣችሁ በኋላ ሰምታችሁ ደንግጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አምና በጥር መጀመሪያ ደርሶብኛል። በቁርባን ልጋባ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ስለነበር አልረሳውም።

ወገዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ሳይንስ አስተምራለሁ። በአካባቢያችን መንገድ የሚሠራ አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ ከገበሬዎች ጋር ሲነጋገር አስተረጎምኩለትና ለምስጋና ካምፓቸው ምሳ ጋበዘኝ። ቀያይ፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ፣ ጢም ያላቸው ነገሮች በሰሃን ቀረቡ። "ከባሕር ነው" አለኝ። የዓሣ ዓይነት መሰለኝ።

መሐንዲሱ እየላጠ ልጣጩን ከሰሃኑ ዳር ይከምራል። እኔ ግን ጋባዥ ያቀረበውን ማስተረፍ ነውር ነው እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚያ ላይ ብዙ ጥቅም ያለው ልጣጭ ላይ ነው እያልኩ ነው የማስተምረው። ከነልጣጩ፣ ከነእግሩ፣ ከነራሱ አደቀቅሁት። ሰውየው ባዶ ሰሃኔን አይቶ ሳቀና ደገመልኝ። ያንንም ጨረስኩ።

ስወጣ የካምፑ ሹፌር፣ የአገሬ ልጅ፣ ክንዴን ያዘኝ።

"መምህር፣ ሽሪምፕ እኮ ነው የበላኸው! ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በእኛ መች ይበላል? አንተ ደግሞ ጢሙን እንኳ አላስተረፍክለት!"

ከቁርባን ልከለከል ነው ብዬ አምስት ቀን ተጨነቅሁ። ዘመድ ተጠርቷል፤ ጠላው ተጠንስሷል። ለእጮኛዬ ምን ልበላት? በስድስተኛው ቀን ጨክኜ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

"ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?" አሉኝ።

ወረቀት አውጥቼ ሣልኩላቸው። እግሮቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ አስረዳኋቸው።

"ይህን አንበጣ መሳይ ከነልብሱ?"

"ከነራሱ፣ አባ።"

ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

"እሺ፣ የመጀመሪያውን ሳታውቅ በላህ። ሁለተኛውን ሰሃንስ?"

"ሰውየው እንዳይቀየመኝ ብዬ ነው፣ አባ።"

"በል ወዲያ፣ ሆዳም! ሳምንቱን ሙሉ ስገድ። ሠርግህ በቀኑ ነው።"

ከግቢያቸው ስወጣ ከትከሻዬ ላይ የጤፍ ጆንያ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። በቀኑም ተጋባን።

አሁን የሚቆጨኝ መብላቴ ሳይሆን፣ በአንድ ጥያቄ ለሚያልቅ ነገር አምስት ቀን ብቻዬን መሰቃየቴ ነው። እናንተም ልባችሁን የከበደው ነገር ካለ፣ ነገ ሳትሉ ለሚመለከተው ሰው ንገሩት። እስቲ ዛሬውኑ ሞክሩት።