ለሙቅ ውሃ የተሠራ ቦርድ

ያን በጋ ፀሐይ የሚባል አልነበረም። ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ ኦክላንድ ድረስ ይገባና እዚያው ይውላል፤ እዚያ አገር ሐምሌ የበጋ ወር ነው፤ ሰው ግን ጃኬት ደርቦ ይሄዳል። ዘነቡ ግን ያንን በጋ በደግ ነው የምታነሣው። በአረጋውያን መጦሪያ ሰው ስታነሣ፣ ስታጥብ፣ ስታገላብጥ ሲያማት የኖረው ወገቧ መጀመሪያ እፎይ ያለው ያኔ ነው።

ሐኪሟ «ውሃ ውስጥ ግቢ» ቢላት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓሲፊካ ባሕር ዳር መውረድ ጀመረች። እዚያ ዕቃ የሚያከራይ ሰውዬ ቦዲቦርድ የሚሉትን፣ በሆድ ተኝተው ማዕበል ላይ የሚንሳፈፉበትን አጭር ሰሌዳ ሰጣት። አሮጌ ነው፤ ጠርዙም ተቆራርሷል። ውሃው አጥንት ይሰብራል፤ ጥቁሩን የላስቲክ ልብስ ለብሳ እንኳ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ቢሆንም ቦርዱ ከማዕበሉ ጋር ይለመጣል፤ እንደ ልጅ ታዝላ የምትሄድ ይመስላታል። ሰው ተሸክማ ለኖረች ሴት መታዘል ቀላል ነገር አይደለም።

ደስታዋን ለአበልጇ ለጋሻው ነገረችው። ጋሻው የልጇ የሊሊ የክርስትና አባት ነው፤ አሁን ኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ይጎትታል፣ ከዚያ በፊት ሆኖሉሉ ኖሯል። በሳምንቱ ከዚያ ያመጣውን የራሱን ቦርድ ይዞ ከች አለ።

«አበልጄ፣ ኪራይ ምን ያደርግልዎታል? ዋናው ይሄ ነው» አለና በጣቱ ቋ ቋ አደረገው። «ይስሙት እስኪ! የሳንቃ በር እኮ ነው!»

እውነትም የሳንቃ በር መሆኑን ያወቀችው ውሃው ውስጥ ነው። ማዕበሉ ሲያነሣት ቦርዱ አልታጠፍ አለ፤ ሲጥላት ጎድኗን ነረታት። ቅዳሜ አልፎ ቅዳሜ ሲመጣ ጎኗ በለዘ። ሰኞ ሥራ ገብታ ሰው ስታነሣ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ወደ ኪራዩ ልመለስ ትልና ደግሞ ይሉኝታ ይይዛታል፤ የአበልጅን ስጦታ ጥሎ ሌላ መከራየት ፊቱ ላይ በር እንደ መዝጋት ነው። ጋሻው ደውሎ «እንዴት ነው ታዲያ?» ሲላት፣ «ኧረ በጣም ተመችቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ስልኩን ትዘጋና ጎኗን በቅባት ታሻለች።

ሊሊ ከሳን ሆዜ ልትጠይቃት መጥታ ብልዙን አየችው።

«ማሚ! ዋት ኢዝ ዚስ?»

«ምንም አይደል፣ ይለመዳል።»

«ኖ። አንድ ጊዜ ደግሞ እንደዚህ ካየሁ፣ ኦሽን የለም፣ ባሕር የለም። የመኪና ቁልፍሽን እወስዳለሁ፣ አይ ሚን ኢት!»

ዘነቡ ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ ሸሸገች። ቅዳሜዋ ከተወሰደባት ኑሮዋ ሰው ማንሣት ብቻ ሊሆን ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጋሻው ሥራ አልነበረውምና «እስኪ ስጦታዬን ልየው» ብሎ አብሯት ወረደ። «አንዴ ልሞክረውማ» አለና ቦርዱን ነጥቋት ገባ። ብዙም አልቆየም፤ ደረቱን ደግፎ ወጣ።

«በስመ አብ! አበልጄ፣ በዚህ ላይ ነው ሲተኙ የከረሙት?»

«ምነው፣ ጥሩ አይደል?»

«ጥሩ? በቅሎ የረገጠችኝ ነው የመሰለኝ! እዚያ እኮ እንዲህ አልነበረም።»

አከራዩ ሰውዬ የጋሻውን ሁኔታ አይቶ እየሳቀ መጣና፣ ከሆኖሉሉ መምጣቱን ሲነግሩት ቦርዱን ጫን ጫን አደረገው። የዚህ ውስጡ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል አረፋ ነው አላቸው፤ ሙቅ ውሃ ስለሚያላላው ለሆኖሉሉ ይሆናል፣ በእኛ ብርድ ግን ደርቆ እንጨት ነው። ለዚህ ባሕር ፖሊኤትሊን የተባለው ለስላሳው ነው የሚሻለው። እሱ ደግሞ ሙቅ ውሃ ቢገባ እንደ ሊጥ ይልፈሰፈሳል።

ጋሻው ወደ ዘነቡ ዞረ። «ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ምን ብዬ ልናገር? የአበልጅ ስጦታ አይደል?»

«ሞተው ቢገኙ እኮ ሊሊ እኔን ነበር የምትከሰኝ!»

ሳቀች፤ ሳቁም ጎኗን ወጋት።

ጋሻው ለስላሳውን ቦርድ እዚያው ገዛላት። ጎድኗ ግን ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ሐኪሙ ከባድ ማንሣት ከለከላት። ሲሻላት ወደ ባሕሩ ተመለሰች፣ ወደ መጦሪያው ሥራ ግን አልተመለሰችም፤ አቅሙም አልነበራትም። ሊሊም ለስላሳውን ቦርድ በእጇ አጥፋ ካየች በኋላ የቁልፉን ነገር አላነሣችም።

መጨረሻ እንደተሰማው ዘነቡ ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል በምትባል ከተማ፣ ከሊሊ ቤት ብዙም ሳትርቅ፣ የሳንታ ክሩዝ ባሕር ይቀርበኛል ብላ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች።