የአባባ አጎዛ እና የቤዛ ማስነጠስ

ልጅ ሳለሁ እንደዚያ አከታትሎ ያስነጥሰኝ የነበረው ምን ነበር? ይኸው የልጅ እናት ሆኜም መልሱን በእርግጠኝነት አላውቀውም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ከተጣመመ ታገሡኝ።

ያደግኩት ተፍኪ ነው። አባቴ፣ አባባ ነው የምላቸው፣ ገበሬ ናቸው። ያኔ ቤታችን መብራት አልገባም ነበርና አባባ ከእርሻ ተመልሰው እግራቸውን ከታጠቡ በኋላ ከምድጃው አጠገብ የበግ አጎዛቸውን ያነጥፋሉ፣ ኩራዙ ግድግዳው ላይ ይጨሳል፣ ኩበቱ ፍም ሆኖ ቀስ እያለ ይቀላል፣ እኔና እህቴም ግራና ቀኝ እንለጠፍባቸዋለን። አጎዛው የትልቅ ሙክት ቆዳ ነው፤ ጸጉሩ ጣት ይውጣል። ጭስ ጭስ፣ አፈር አፈር ይሸታል። ያን ሽታ እወደው ነበር።

አብዝተው የሚያወሩልን ተረት ብርድ ስለሚባል ሰውዬ ነበር። ብርድ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ቤት የለውም። ሲመሽ በየደጁ እየዞረ ቀዳዳ ይፈልጋል። በሩ ሲዘጋበት በመስኮት ይሞክራል፣ መስኮቱ ሲዘጋበት በጣራ። ከገባ በኋላ ያልተሸፈነ ልጅ ፈልጎ አፍንጫው ውስጥ ይተኛል። በግ ይህን አይታ ለልጆቹ አዘነችና ልብሷን አውልቃ ሰጠቻቸው። ተረቱ እዚህ ሳይደርስ እኔ ማስነጠስ እጀምራለሁ፤ አንዴ አይደለም፣ አምስቴ ስድስቴ።

«ይማርሽ!» ይሉኛል አባባ።

«ያኑርዎት።»

«አያችሁ፣ መጣ ሰውዬው! በየት በኩል ገባ?»

እህቴ ቀበል አድርጋ «በሷ አፍንጫ ነዋ! ከነአህያው ያስገባል!» ትላለች። እንስቃለን። ያኔ አባባ የአጎዛውን ጫፍ ስበው እስከ አፍንጫዬ ያለብሱኛል፤ እኔም እዚያው ውስጥ ሆኜ ደግሜ አስነጥሳለሁ። ብርድ ነው ተብሎ እንደገና ያለብሱኛል። ዓይኔን እያሸሁ ነው ያደግኩት፤ ማንም ግን አጎዛውን አልጠረጠረም።

አግብቼ ቡራዩ ገባሁ። ከገፈርሳ ወዲህ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። አምና እናቴ ስታርፍ አባባን ብቻቸውን መተው አልሆነልኝምና ይዣቸው መጣሁ። ከቤታቸው ያመጡት አንድ ፌስታል ልብስና ያንኑ አጎዛ ብቻ ነው። እናቴ ታማ የተኛችው፣ ያረፈችውም እሱ ላይ ነው።

ልጄ ቤዛ አራት ዓመቷ ነው። ከአባባ ጋር ወዲያው ገጠሙ። ሲመሽ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» ይሏታል፤ ነይ የኔ ልጅ ማለታቸው ነው። ሮጣ ትሄድና አጎዛው ላይ ትወድቃለች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። ያው ቀጭኑ ሰውዬ፣ ያችው በግ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ሰሞን ነበር።

ከዚያ ማስነጠሱ መጣ። ጠዋት ስትነሳ፣ ማታ ተረት ስትሰማ፤ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ውሃ ብቻ። ብርድ ነው አልን። አባባ አጎዛቸውን ለቤዛ አልጋ ሰጥተው እሳቸው ባዶ ፍራሽ ላይ ተኙ። እኔ መስኮቱን በጨርቅ ጠቀጠቅኩት፣ ዳማከሴ አሽቼ አስሸተትኳት። ባሰባት።

ማስነጠሱ ሦስት ወር ሲሞላው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

«ትኩሳት አላት?» አለች ሲስተሯ።

«የላትም።»

«ዓይኗን ታሻለች?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ጉንፋን ሦስት ወር አይቆይም እኮ፣ እናቴ። ይሄ አለርጂ ነው የሚመስለው።» ከዚያ ደብተር ያዢ አለችኝ። ባስነጠሰች ቁጥር የት እንደነበረች፣ አጠገቧ ምን እንደነበር ጻፊ። ደረቷ ካፏጨ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ደብተሩን ጥለሽ ይዘሻት ሩጪ።

ጻፍኩ። እጄ ለጽሕፈት ስለሚዘገይ ለአልጋዋ «አ»፣ ለተረቱ ሰዓት «ተ»፣ ለውጭ «ው» አልኩ። በሁለት ሳምንት ገጹ በ«አ» እና በ«ተ» ሞላ። መሀል ላይ ለክርስትና ሰበታ ሄደን ሁለት ቀን ስናድር አንድም ምልክት አልጻፍኩም። እዚያም ከሰል ነበር፣ እዚያም አቧራ ነበር። አጎዛው ግን አልነበረም። ደብተሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

ለአባባ ልነግራቸው ሦስቴ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቄ አጎዛውን አጥሩ ላይ ሰቀልኩና በዱላ መታሁት። የሚወጣው አቧራ ዓይን ያጠፋል። እያስነጠስኩ ስመታ ዘወር ብል አባባ ከበሩ ቆመው ያዩኛል።

«ምን አድርጎሽ ነው?» አሉኝ።

«ቤዛን የሚያስነጥሳት እሱ ነው፣ አባባ።»

«ማን አለ?»

«ሐኪም።» ሲስተሯ ስለ አጎዛ አልተናገረችም ነበር። ፈርቼ ነው የዋሸሁት።

«አንቺ በዚህ አይደል ያደግሽው?»

«እኔስ አስነጥስ አልነበር?»

አጎዛውን ከአጥሩ አውርደው ጸጉሩን በእጃቸው አስተኙት። «እንግዲያ በእጄ ሳሳምምሽ ኖሬያለሁ በይኛ» አሉ። እንደዚያ ማለቴ አይደለም ብዬ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ዱላውን ጥዬ ወደ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ አጎዛውን ጠቅልለው በሚኒባስ ወደ ተፍኪ ተመለሱ። ቤዛ «አባባ አጎዛውን ሊያጥቡ ነው የሄዱት?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

የመስኮቱን ጨርቅ አወጣሁ፣ አልጋ ልብሷን በፈላ ውሃ አጠብኩ፣ ከሰሉን ውጭ ማቀጣጠል ጀመርኩ። ማስነጠሱ በጣም ቀነሰ፤ አልጠፋም ግን። ሲስተሯ መነሻው አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ መጻፍሽን አትተዪ ብላኛለች። ባለፈው ከአባባ ጋር በስልክ ሳወራ ቤዛ አጠገቤ አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አሉ ከወዲያ። ቆየት ብለው «አሁንም አለ?»

«ትንሽ ነው፣ አባባ።»

 እንደማያስፈልጉ አባት አድርጌ በከንቱ የሸኘኋቸው መሰለኝ። ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረኝ ያንን አጎዛ እስከ አፍንጫዬ የሚስበው እጃቸው ነው። ብርድ እንዳይነካኝ ብለው ነበር።

ለበዓል ይምጡ ስላቸው «አጎዛዬንስ የት አደርገዋለሁ?» አሉኝ። ይተዉት እንዳልላቸው የእናቴ መኝታ ነው፤ ያምጡት እንዳልል ልጄ አለች። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ፤ እስካሁን አልደወልኩም።

እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ሽማግሌ አባትም ያላችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ። አጎዛ በደንብ ከጸዳና በላስቲክ ከተጠቀለለ ቤት ውስጥ መቀመጥ ይችላል? ወይስ ጨርሶ መግባት የለበትም? መግባት የለበትም ካላችሁ፣ የማልፈልገው ቆዳውን እንጂ እሳቸውን እንዳልሆነ በምን ቃል ልንገራቸው? በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።